በሥነ ጥበብ ትምህርት ስለሚቀርቡ የካቡኪ ተዋንያን ሥዕሎች ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ልጆቻችሁ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በጃፓን ኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ፣ ካቡኪ የተባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ተዋንያን ሥዕሎችን እንደሚያጠኑ እንገልጻለን። ከእነዚህ መካከል የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች የሚታዩባቸው ስላሉ፣ ምክንያቱን አስቀድማችሁ ከእኛ ብትሰሙት መልካም ነው ብለን አምነናል።

ካቡኪን እ.ኤ.አ. በ1603 ገደማ በኪዮቶ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ናት። ይሁን እንጂ በዘመኑ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት የሕዝብን ሥነ ምግባር ለመጠበቅ በሚል እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶችን፣ በ1652 ደግሞ የወጣት ወንዶችን ቡድኖች ከመድረክ ስላገደ፣ ሙያው የፊት ጸጉራቸውን እንዲላጩ ለተገደዱ ጎልማሳ ወንዶች ብቻ ቀረ። ከእነርሱ መካከል የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ኦናጋታ ይባላሉ። የተላጨውን የጭንቅላታቸውን ክፍል በሐምራዊ የሐር ጨርቅ ይሸፍኑ ስለነበር፣ በሥዕል ላይ ያ ጨርቅ ከግንባር በላይ ከታየ የተሣለው ተዋናይ መሆኑ ይታወቃል።

ተማሪዎቻችን አተኩረው እንዲያዩ የምንፈልገው የሻራኩን ሥራዎች ነው። ይህ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1794 እና በ1795 ለአሥር ወራት ያህል ብቻ ሠርቶ ደብዛው ጠፍቷል። ብዙዎች ኦናጋታን ሲሥሉ ፊቱን አለስልሰው ያሳምሩት ነበር፤ ሻራኩ ግን የኦናጋታውን ተዋናይ የሴጋዋ ቶሚሳቡሮን ረዥምና ኮስታራ ፊት ሳይደብቅ፣ ከሴት የጸጉር አሠራርና ከኪሞኖ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ ተዋናዩም ገጸ ባሕርይዋም በአንድ ወረቀት ላይ ይታያሉ፤ ሴትነት በመድረክ ላይ በአንገት አዘነባበል፣ በእጅ አያያዝና በአለባበስ ተጠንቶ የሚሠራ ሙያ እንደነበረም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሥዕል አላውቅም።

እነዚህን ሥዕሎች ብንዘላቸው የሚመርጡ ወላጆች እንደሚኖሩ እገነዘባለሁ። ሆኖም እነርሱን አውጥቶ ካቡኪን ማስተማር ታሪኩን ቆርጦ መስጠት ስለሚሆን አልተቀበልነውም። በአገራችንም ቢሆን በዘመናዊው ቴአትር መጀመሪያ ላይ የሴቶችን ሚና ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር ይታወቃል።

በኤዶ ዘመን ሠዓሊው፣ ቀራጩና አታሚው የተለያዩ ባለሙያዎች ስለነበሩና እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ የቼሪ እንጨት ገበታ ስለነበረው፣ ተማሪዎችም ሥራውን ተከፋፍለው በትንሽ ጣውላ ላይ በመምህር ቁጥጥር ሥር ይለማመዱታል። ቀለሙ ከልብስ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ እንድትልኩላቸው፣ ስለ ትምህርቱ ጥያቄ ያላችሁም ወደ ቢሮዬ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር