የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ዓመቱ በመብራት ሥራ

"ክበባችሁ ዘንድሮ ምን ሠራ?" ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ መብራት ሠራን። "የተቃጠለ አምፖል ስትፈታቱ ከረማችሁ" ያሉንም አሉ። አዎ፣ ፈታተናል። ምን እንዳገኘንበት ልንገራችሁ።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መረጥን፣ ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን። ስለ ስብሰባ ይኸው ይበቃል።

ጥቅምት ላይ ልጆቹ ከየቤታቸው የተቃጠለ የኤልኢዲ አምፖል አመጡ። ክዳኑ ሲነሳ ቢጫ ነጠብጣቦች ተደርድረው ታዩ። ነጩ ብርሃን የሚመጣው ከእነሱ ነው፤ ሰማያዊ የምታበራ ትንሽ ቺፕ ቢጫ ቅብ ይደረግባትና ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለዓይናችን ነጭ ይሆናል። ያችን ሰማያዊ ብርሃን ያስገኙት ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውባታል። ከነጠብጣቦቹ አንዷ መሃሏ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት ነበራት። የሞተችው እሷ ብቻ ናት፤ በአንድ መስመር ስለተያያዙ ግን ሁሉንም ይዛ ጠፋች። በሽቦ አገናኝተን ዘለልናት። በራ! ጩኸታቸው ቢሮ ድረስ ተሰምቷል።

ጥር ላይ ደግሞ ወላጆችን አስፈቅደን አንድ ዓርብ ምሽት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ወጣን። ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሄዱት። አዲሶቹ የኮሪደር ልማት የመንገድ መብራቶች ብርሃናቸውን ወደ ታች እንጂ ወደ ሰማይ እንደማይረጩ አዩ። ኤልኢዲ ሙቀት ስለሚጎዳው ጀርባው ላይ ሙቀት የሚያስወጣ ክንፍ እንደሚሠራለትም ተነጋገርን። ከዚያ ወደ ውስጥ ሰፈር ስንታጠፍ አንድ አሮጌ ቢጫ መብራት ሥር ደረስን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቆመች።

"ቲቸር፣ ሹራቤን ይዩልኝማ!"

ሰማያዊው የዩኒፎርም ሹራብ ግራጫ ሆኗል። እጅጌዋን እየጎተተች ወደ ዋናው መንገድ ሮጠች፣ ሰማያዊ ሆነ። ተመለሰች፣ ግራጫ። የሶዲየም መብራት አብዛኛው ብርሃኑ ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊ ጨርቅ የሚመልሰው ብርሃን አያገኝም ብዬ ማስረዳት ስጀምር ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እናቴ ማታ ማታ እንዲህ ያለ መብራት ሥር ቆሎ ትሸጣለች። ብር ሲሰጧት በስልኳ እያበራች ነው የምታየው። እኔ ዓይኗ የደከመ ነበር የመሰለኝ" አለች። በ20 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ የነካኝ ነገር ትንሽ ነው።

በነጋታው ሒሳቡን ሠሩት። ባለ 250 ዋት ሶዲየም 12 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ 1.2 ብቻ። ነጭ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ እንቅልፍም ይረብሻል።

የራሳችን ሥራ በኋላ በር ላይ የተተከለው የሶላር መብራት ነው። ሲመሽ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ሰው ሲመጣ ይደምቃል። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል አደረ፤ ለካስ መምሸት መንጋቱን የሚለየው ሴንሰር የመብራቱን ብርሃን አይቶ የነጋ እየመሰለው ነው። ልጆቹ ቁራጭ ቧንቧ አልብሰው ወደ ሰማይ አዞሩት። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አንድ ሴንሰር በላብን።

ይህን ሁሉ የሠራነው ለ26 ልጆች አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዘን ነው። የምንበይድበት ካውያ ከቤቴ የመጣ ነው። ዕቃውን መርካቶ ገብተን የገዛነው ልጆቹ ከምሳ ገንዘባቸው ባዋጡት ነው። የሌላ ክበብ በጀት ይቀነስ አልልም፤ የእኛም ግን እንደ ትርፍ አይታይ። የወላጅ መምህር ህብረትን፣ እዚህ የተማራችሁንም የምለምነው ሁለት ቴስተር፣ ጥቂት ባትሪና ቅዳሜ ቅዳሜ የላብራቶሪ ቁልፍ ነው።

ያቺ ተማሪ አሁን ለእናቷ የቆሎ ሰፌድ የሚሆን ትንሽ መብራት እየሠራች ነው። ቺፑም ሽቦውም ተገኝቷል። የቀራት ባትሪው ነው።