እንጀራው ውስጥ ምን እንደ ተቀላቀለ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤፍ ግሉተን ከተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ነፃ መሆኑ በተነሣ ቁጥር እንጀራችን ለዓለም የሚተርፍ በረከት እንደ ሆነ አብሮ ይወራል። እውነት ነው፤ እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለባትን ልጅ ለማሳድግ ለእኔ፣ በአዲስ አበባ ከሱቅ ተገዝቶ ያለ ሥጋት የሚበላ እንጀራ ማግኘት ሮም ውስጥ ከግሉተን ነፃ የሆነ ፓስታ ከማግኘት ከብዶብኛል።

ሕመሙን ለማያውቁ በአጭሩ ልግለጸው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ወደ ሆድ ሲገባ፣ የሰውነት መከላከያ ተነሥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። መፍትሔው እነዚህን እህሎች ዕድሜ ልክ አለመቅመስ ብቻ ነው። «የቅንጦት በሽታ» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ዊለም ዲከ የተባለው የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ጥርጣሬው የጠነከረለት ግን በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) በጦርነቱ የረሃብ ክረምት ነው። ዳቦ ሲጠፋ ሕሙማኑ ልጆች አገገሙ፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። በረሃብ ዘመን የታወቀ በሽታ ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ለዓመታት የበረራ አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። የልጄ ሕመም ከታወቀ ወዲህ በደረስኩበት ከተማ ሁሉ ስለ ዱቄት ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ሙምባይ ላይ ዶሳን አገኘሁ። ሩዝና ኡራድ የተባለ ጥራጥሬ ከጥቂት አብሽ ጋር ይዘፈዘፋል፤ ተፈጭቶ ሌሊቱን ሲቦካ አድሮ ጠዋት በጋለ የብረት ምጣድ ላይ በስሱ ይዘረጋል። እኔ በኡራዱ ፈንታ ምስር ክክ አስገብቼ፣ ለሦስት እጅ የፎገራ ሩዝ አንድ እጅ ምስር አደርጋለሁ። በክረምት ቡኮው አልነሣ ስለሚል ዕቃውን በጋቢ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ልጄ በድንች ወጥ ስትበላው እንጀራ አይናፍቃትም።

ጄኖቫዎች ፋሪናታ የሚሉት ደግሞ አለ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና ጥቂት ሰዓት ያርፋል፤ ጨውና የወይራ ዘይት ተጨምሮበት በሰፊ ትሪ በጣም በጋለ ምድጃ ይጋገራል። የሽምብራ ዓሣ የምትሠራ ሴት ይህ አያስቸግራትም። ከግሉተን ነፃ ተብለው ከውጭ የሚመጡት የዳቦ አሠራሮች ብዙዎቹ እንቁላል ወይም ወተት ይገባባቸዋል፤ ታዲያ ጿሚ ቤተሰብ በዐቢይ ጾም ምን ይብላ? ፋሪናታና ዶሳ የረቡዕና የዓርብም ምግብ ናቸው። ለፍስክ የሳን ፓውሎዎቹን የካሳቫና የአይብ ትናንሽ ዳቦዎች በቡላ እሠራለሁ። እንደ ብራዚሎቹ አይነፉም፤ ይጣፍጣሉ ግን።

የእህሉ ስም ብቻ እንደማያስተማምንም እዚያው በጉዞ ላይ ተረድቻለሁ። ሩዝ በሚበላበት በቻይና ሶያ ሶሱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለ። ሕንዶች ሳምባር በሚሉት የጥራጥሬ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩት ሂንግ የተባለ ቅመምም ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ተደባልቆ ይሸጣል። ልዩነቱ ሮም ላይ ስጠይቅ መልስ ማግኘቴ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የታሸገውን ምግብ ብቻ ሳይሆን በምግብ ቤት የሚቀርበውንም ግሉተን ያላቸው እህሎች ይኑሩበት አይኑሩበት መግለጽ ግዴታ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስም «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው ምግብ በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው ይጠይቃል።

ወደ እኛ ልመለስ። ባለፈው ክረምት «ንጹህ ጤፍ» ተብሎ የተሸጠልንን እንጀራ በልታ ልጄ ሳምንት ሙሉ ታመመች። ሻጩን ስጠይቀው ገብስ እንደሚገባበት ነገረኝ፤ ሁሉም እንዲያ እንደሚያደርግም ጨመረልኝ። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ መቀላቀሉ እንደ በዛ አውቃለሁ፤ ጋጋሪዎቹንም አልወቅስም። ብዙዎቹ እንደ እኔ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከጭስ ጋር የሚታገሉ ሴቶች ናቸው። ሩዝ ቢገባበት፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ቢገባበት ልጄን አይጎዳትም። ገብስና ስንዴ ግን ይጎዷታል፤ ስለዚህ የገባው ይነገረን። በላስቲኩ ላይ የእህሎቹን ስም የያዘች ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ዋጋውን የሚያንር አይመስለኝም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ቢያንስ በትልልቅ መደብሮች ለሚሸጠው እንጀራ ይህን ግዴታ ቢያደርገው ብዙ ቤተሰብ ያርፋል። እንጀራ ወደ ውጭ የሚልኩትም «ከግሉተን ነፃ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ያስመርምሩት፤ አምኖ የሚገዛው የሰው አገር ሕመምተኛ ነውና።

በቤት መጋገርም ቢሆን ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ከገብስ ቡኮ የተረፈ እርሾ ገብሱን ይዞ ይመጣል። ጤፌን ራሴ ለቅሜና ነፍቼ ወፍጮ ቤት ብወስደው፣ ከእኔ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ የእሱ ዱቄት በእኔው ላይ ይራገፋል። አሁን ከባለወፍጮው ጋር ተስማምቼ ድንጋዩ ከተጠረገ በኋላ በማለዳ የመጀመሪያዋ አስፈጪ እሆናለሁ፤ አስቀድሜም ጥቂት ሩዝ አስፈጭቼ ያንን ለሌላ እሰጠዋለሁ። ይህ ግን በእሱ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ እሱ በሌለበት ቀን ጤፌን ይዤ እመለሳለሁ።

ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው፣ ወይም እንዲህ ያለ ወፍጮ ቤት በገርጂ፣ በቦሌ ወይም በመገናኛ አካባቢ የሚያውቅ ሰው ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ፣ ከገርጂ፣ አዲስ አበባ