የደንበኛ ቁጥር ብቻ አትንገሩን

ለአዘጋጁ፦

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለዜጎች ሲያቀርብ፣ የእቁብ ገንዘቤን ይዤ በቴሌብር 33 አክሲዮን ገዛሁ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ከ33 በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ በድምሩ 9,900 ብር መሆኑ ነው። እህቴን ሳማክራት «ስልክ የማይዝ ሰው የለ፣ ምን ያሳስብሻል?» አለችኝ። አመንኳት።

አሁን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቴሌኮም ገንዘብ ያስገባል፣ ገንዘብም ይበላል። 4ጂ አዲስ አበባ የገባው በ2007 ነው። በ2014 ደግሞ 5ጂ መጣ። የማማው ብረት ብዙ ዓመት ይቆማል፤ የሚሰቀልበት መሣሪያና ባትሪው ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ያ ሁሉ የሚገዛው በዶላር ነው፣ እኛ ካርድ የምንሞላው በብር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአገልግሎት ታሪፍ እንደዚያ በአንዴ አይዘልም፤ ይዝለል ቢባልም ሰው አይችለውም።

«አገር የሚፈልገው ነገር አይከስርም» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ግሎባል ክሮሲንግ የሚባል ኩባንያ ነበር። በውቅያኖስ ሥር የፋይበር ገመድ ዘርግቶ አህጉራትን አገናኘ። ኢንተርኔት ያድጋል ብሎ ነበር፤ አደገም። ኩባንያው ግን ዕዳው ከብዶት በፈረንጆቹ 2002 መጀመሪያ ላይ የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ እንዲከልለው፣ ጠየቀ። ገመዱ ሥራውን ቀጠለ፣ የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ ግን ቀለጠ።

ኢትዮ ቴሌኮም እንደዚያ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አክሲዮኔንም አልሸጥም። ግን ጋዜጣችሁ በየሩብ ዓመቱ የሚነግረን የደንበኛ ብዛትና ጠቅላላ ገቢ ነው። ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ ላስቀመጠ ሰው ግን አይበቃም። ከትርፉ ስንቱ ተመልሶ ለመሣሪያ ወጣ? በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ዕዳ ስንት ቀረ? ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ ከአንድ ደንበኛ የሚገኘው ገቢ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በመጀመሪያው ሽያጭ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። አብዛኛው እንደኔ የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ ያልለመደ ይመስለኛል።

እኔ የገዛሁት ለልጄ ብዬ ነው። ገና 4 ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ኔትወርኩ ቢያንስ አንዴ እንደ አዲስ መቀየሩ አይቀርም። ያኔ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ኃላፊዎቹን ከአሁኑ ጠይቁልን።

አንዲት ባለአክሲዮን፣ ከአዲስ አበባ