የዳማከሴው ቅጠል «ባክቴሪያ ገደለ» ስትሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ባህል መድኃኒት የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «ቅጠሉ በላቦራቶሪ ተፈትኖ ባክቴሪያ ገደለ» ትላላችሁ፣ በቃ፣ እዚያው ላይ ያልቃል።

ይህን ሙከራ ተማሪ ሳለሁ በዳማከሴ ሠርቼዋለሁ። ቅጠሉን ጥላ ላይ አደረቅሁ፣ ወቀጥሁ፣ በአልኮል ዘፍዝፌ አጠለልሁት። ከዚያ ባክቴሪያ በተቀባ ሳህን ላይ፣ ጭማቂው የነካትን 6 ሚሊ ሜትር ክብ ወረቀት አስቀምጬ በ37 ዲግሪ አሳደርሁት። ጠዋት ስከፍተው በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት! ባክቴሪያው እዚያ ጋ አልበቀለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ግን አጠገቡ ያለው፣ አልኮል ብቻ የነካው ወረቀትም የራሱ ቀለበት ነበረው፤ አልኮሉ በደንብ ሳይተን ነው ያስቀመጥሁት። አልኮልም ራሱ ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ቀለበቱ የቅጠሉ ይሁን የአልኮሉ መለየት አልቻልሁም፤ ሙከራውን እንደገና መጀመር ነበረብኝ።

ደግሞ እናቴ ለምች ዳማከሴን በእጇ አሽታ ነው የምትጨምቀው፣ አልኮል የሚባል ነገር የለበትም። በአልኮል የወጣው በእጅ ከተጨመቀው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ቀለበቱም ቢሆን ስንት መጠጣት እንዳለበት፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳ እንደሆነ አይነግረንም። በሳህን ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በምን እንደተዘፈዘፈ፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደተፈተነ፣ ከየትኛው አንቲባዮቲክ ጋር እንደተነጻጸረ ጨምራችሁ ጻፉልን። ሁለት መስመር ይበቃል።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ