ሲአይኤፍ የገዛ ነጋዴ የባሕሩንም አደጋ ገዝቷል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓለም አቀፍ የጭነት አገልግሎት ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የአስመጪና የላኪ ሥራ በጋዜጣ ላይ ይህን ያህል ቦታ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ተዛብተው ቀርበዋል። አንደኛው፣ በሲአይኤፍ ውል (ሻጩ የዕቃውን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱንና የመርከብ ኪራዩን አካቶ በሚሸጥበት ውል) ዕቃው ማራገፊያው ወደብ እስኪደርስ ድረስ ለሚደርስበት ጉዳት ሻጩ ተጠያቂ እንደሆነ የሚገልጸው ክፍል ነው። ሌላው ደግሞ ዲመሬጅን፣ ዕቃቸውን በጊዜ ባላነሱ ሰዎች ላይ ወደብ የሚጥለው ቅጣት አድርጎ የሚተረጉመው ነው። በጉምሩክ አስተላላፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት እነዚህ ሁለት ስሕተቶች ነጋዴን ሲያከስሩ በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሲአይኤፍ፣ ኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ ጭኖ የሚያስረክብበት ውል) እና መሰሎቻቸው ኢንኮተርምስ ከሚባለው የደንብ ስብስብ የተወሰዱ ናቸው። ደንቡን የሚያወጣው መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በ2020 የወጣው እትም 11 የውል ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ኤፍኤኤስ፣ ኤፍኦቢ፣ ሲኤፍአርና ሲአይኤፍ በባሕርና በአገር ውስጥ ውኃ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። እያንዳንዱ ቃል ከሌሎች ጉዳዮች ጋር ሁለት ዋና ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ወጪውን ማን እስከ የት ይሸፍናል? ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው ከየት ጀምሮ የማን ነው? የጽሑፋችሁ አዘጋጅ የተሳሳቱት የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ አንድ አድርገው በመውሰዳቸው ይመስለኛል። በሲአይኤፍ ግን መልሱ ሁለት የተለያዩ ወደቦች ላይ ያርፋል። ሻጩ የመርከቡን ኪራይ እስከ ማራገፊያው ወደብ ይከፍላል፣ ኢንሹራንስም ይገባል፤ የአደጋው ኃላፊነት ግን ዕቃው በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ በተጫነበት ጊዜ ወደ ገዢው ይዞራል። ከዚያ በኋላ ያለው የባሕር ጉዞ በሙሉ በገዢው ኃላፊነት የሚደረግ ጉዞ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በዚሁ ውል የጽሕፈት ወረቀት አስመጥተው ነበር። ኮንቴይነሩ ሲከፈት አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ጣሪያው ላይ ትንሽ ጣት እንኳ የማታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ውኃው ደርቆ የተወው ነጭ የጨው መስመር ይታይ ነበር፤ የላይኛው ረድፍ ካርቶኖችም በእጅ ሲነኩ ይፈርሱ ነበር። ደንበኛዬ ዕቃውን የገዙት በሲአይኤፍ ስለነበር ሻጩ እንደሚተካላቸው እርግጠኛ ነበሩ፤ ስለዚህም ከሻጩ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ። ሻጩ ዕቃው በደህና መርከብ ላይ መጫኑን የሚያሳይ ንጹሕ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (አጓጓዡ የሚሰጠው የባሕር ጭነት ሰነድ) በእጁ ስለነበረ ኃላፊነት የለብኝም ብሎ መለሰ፤ በውሉም መሠረት ትክክል ነበር። በዚህ መሐል ሌላ የጊዜ ገደብ አለፈ። በብዙ የጭነት ሰነዶች ላይ ተፈጻሚ የሆኑት የሄግ ደንቦች፣ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ዕቃው ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ በሦስት ቀን ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይደነግጋሉ። ይህ ካልተደረገ ዕቃው በደህና እንደተረከበ ስለሚገመት፣ ተቃራኒውን የማስረዳቱ ሸክም በባለ ዕቃው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ደንበኛዬ ለአጓጓዡ ሳይጽፉ የቀሩት ጉዳዩ የሻጩና የአጓጓዡ ነው ብለው ስላመኑ ነው።

ኢንሹራንሱስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። ሲአይኤፍ ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ሽፋን፣ በሙያው ሐ ወይም ሲ ክሎዝ የሚባለውን፣ በውሉ ዋጋ 110 በመቶ እንዲገባ ብቻ ነው። ይህ ሽፋን እሳትን፣ የመርከብን መስጠምና የመሳሰሉትን ትላልቅ አደጋዎች ይይዛል እንጂ በጣሪያ ቀዳዳ ኮንቴይነር ውስጥ የገባን የባሕር ውኃ አይጨምርም። እዚያ ለመድረስ ቢያንስ የቢ፣ የተሻለ ለማግኘት ደግሞ የኤ ክሎዝ ሽፋን ያስፈልጋል። በ2020ው እትም ሲአይፒ በተባለው፣ ለማንኛውም የማጓጓዣ ዓይነት በሚያገለግለው ውል ሻጩ የኤ ክሎዝን እንዲገባ ሲደረግ፣ ሲአይኤፍ ግን በሲ ክሎዝ እንዲቀጥል ተደርጓል። በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ስሞች ለአንድ እርጥብ ኮንቴይነር የሚሰጡት መልስ ይህን ያህል የተራራቀ ነው። ገዢው ውል ሲፈርም ከፍ ያለ ሽፋን እንዲገባለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን የሚጠይቀው ግን አደጋው የእርሱ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ብቻ ነው።

ዕቃው ምንም ሳይሆን የሚመጣ ዕዳም አለ። ኤቨር ጊቨን የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 23 እስከ 29 ቀን 2021 ሱዌዝ ካናልን ዘግታ ከቆየች በኋላ ባለቤቷ ጄኔራል አቬሬጅ አወጀ። ይህም መርከብንና ጭነትን በጋራ ለማዳን የወጣውን ወጪ ባለ መርከቡና ባለ ዕቃዎቹ በየንብረታቸው ዋጋ መጠን የሚካፈሉበት ጥንታዊ የባሕር ሕግ ነው። ስለዚህ ዕቃቸው ያልተነካባቸው ባለቤቶች እንኳ ኮንቴይነራቸውን ከመረከባቸው በፊት ዋስትና ማቅረብ ነበረባቸው። የሲ ክሎዝ ኢንሹራንስም ቢሆን ይህን መዋጮ ይሸፍናል፤ ምንም ኢንሹራንስ ያልገባ ግን ከኪሱ ያወጣል።

ስለ ኤፍኦቢ በአጭሩ ልናገር። በቀደሙት እትሞች ኃላፊነት የሚተላለፈው ዕቃው የመርከቡን የጎን አጥር ሲያልፍ ነበር፤ ከ2010ው እትም ጀምሮ ግን መርከቡ ላይ ሲጫን ሆኗል። ኮንቴይነር ግን መርከብ ከመምጣቱ ቀናት በፊት ለወደብ ተርሚናል የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሻጩ ከእጁ ለወጣ ዕቃ ኃላፊ ሆኖ ይቆያል። ለኮንቴይነር ጭነት ኤፍሲኤ፣ ማለትም ሻጩ ዕቃውን ለአጓጓዡ ሲያስረክብ ኃላፊነቱ የሚያበቃበት ውል፣ የሚመከረው ለዚህ ነው። በተጨማሪም በአሜሪካ የአገር ውስጥ ንግድ ኤፍኦቢ የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ ከቃሉ አጠገብ የወደቡ ስምና የኢንኮተርምሱ እትም ዓመት ካልተጻፈ ጋዜጣ አንባቢም ሆነ ዳኛ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ዲመሬጅ ልመለስ። አንድ ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚመጡት ክፍያዎች በተለምዶ ሦስት ናቸው። ለተያዘው ቦታ ለወደቡ ወይም ለተርሚናሉ የሚከፈለው የማከማቻ ኪራይ ነው። ሙሉው ኮንቴይነር ከነፃ ቀናቱ (ያለ ክፍያ እንዲቆይ ከተፈቀደለት ጊዜ) አልፎ ተርሚናል ውስጥ ሲቆይ፣ ለኮንቴይነሩ ባለቤት ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈለው ዲመሬጅ ይባላል። ኮንቴይነሩ ከተርሚናል ወጥቶ ባዶው በጊዜ ካልተመለሰ ደግሞ፣ ለዚያው ለመርከብ ድርጅት የሚከፈለው ዲቴንሽን ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ሁለቱን በአንድ ቆጠራ ያጠቃልላሉ፤ ሙሉ መርከብ በሚከራይበት የቻርተር ውል ውስጥ ደግሞ ዲመሬጅ ለመጫኛና ለማራገፊያ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ለመርከቡ መቆየት የሚከፈል ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዲመሬጅን የወደብ ቅጣት ነው ብሎ ያነበበ አስመጪ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ወደቡ ቢሮ ይሄዳል፤ እኛን አይመለከትም ተብሎ እስኪመለስ ድረስ ቀኑ ይቆጠራል፣ የቀኑ ተመንም ብዙውን ጊዜ እየቆየ ሲሄድ ከፍ ይላል። ሌላው ደግሞ ዕቃውን ከወደብ ካወጣ በኋላ ቆጠራው ያበቃ መስሎት ኮንቴይነሩን ለመጋዘን ይጠቀምበታል። ቆጠራው ግን ስሙን ለውጦ ቀጥሏል። ቅጣት የሚለው ቃልም ጥፋትን ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜ ግን መዘግየቱ የሚመጣው ኦሪጅናል ሰነዶች ከባንክ ባለመድረሳቸው ወይም በጉምሩክ ፍተሻ ምክንያት ሲሆን፣ የመርከብ ድርጅቱ ሒሳብ በዚህ የተነሣ ሳይቆም ይቀጥላል።

ቢል ኦፍ ሎዲንግን በጽሑፋችሁ የጭነት ደረሰኝ ብላችሁታል። ደረሰኝነቱ እውነት ነው፤ ግን የማጓጓዣ ውል ማስረጃም፣ ዕቃውን የመረከብ መብት የሚያስተላልፍ ሰነድም ነው። በተለምዶ በሦስት ኦሪጅናል ይዘጋጃል፤ በአንዱ ዕቃው ከተሰጠ የቀሩት ዋጋ ያጣሉ። የአየር ማጓጓዣ ሰነድ ይህ ሦስተኛው ባሕርይ የለውም። በታሸገ ኮንቴይነር ሰነድ ላይ የሚጻፈው «ይዟል ተብሏል» የሚለው ሐረግም ቀላል አይደለም፤ አጓጓዡ ውስጡን አልቆጠርኩም ማለቱ ነው።

የታሪፍ ንጽጽራችሁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያዘጋጀው የኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ዕቃዎች ለቀረጥ የሚመደቡበት ቁጥር፣ ለሁሉም አገር የጋራ የሚሆነው እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን አኃዞች እያንዳንዱ አገር ራሱ ይጨምራል። ቀረጥ የሚሰላበትን ዋጋም አንዳንዱ አገር በሲአይኤፍ፣ ሌላው በኤፍኦቢ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት መቶኛ ቢያስቀምጡም የሚከፈለው ገንዘብ እኩል አይሆንም፤ ንጽጽሩ መነሻ ዋጋው የትኛው እንደሆነ ቢገልጽ ኖሮ አንባቢ ባልተሳሳተ ነበር።

እነዚህን ቃላት በአማርኛ መተርጎምን አልቃወምም። ቀረጥ፣ ላኪ፣ ተረካቢ፣ አጓጓዥ የሚሉት ቃላቶቻችን ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ነገር ግን በውል የታሰረ ትርጉም ላላቸው ቃላት ግምታዊ ፍቺ ከመስጠት፣ ቃሉን በፊደላችን እንዳለ ጽፎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማብራራት ለአንባቢ ይጠቅማል። በሚቀጥለው እትማችሁ ሁለቱ ስሕተቶች በሚከተለው መልክ እንዲታረሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ በሲአይኤፍ ሻጩ ኪራዩንና ዝቅተኛውን ኢንሹራንስ እስከ ማራገፊያው ወደብ ይከፍላል፤ የአደጋው ኃላፊነት ግን ዕቃው በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ ከተጫነ ጀምሮ የገዢው ነው። ዲመሬጅ ደግሞ ሙሉ ኮንቴይነር ከነፃ ቀናቱ አልፎ ተርሚናል ውስጥ በመቆየቱ ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈል ክፍያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ