የመኳንንቱ ትእዛዝ የሚያርፈው በሠራተኛው ጀርባ ላይ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

«ድዋርፍ ፎርትረስ» በተባለው የምሽግ ግንባታ የኮምፒውተር ጨዋታ አስቸጋሪ መኳንንት ሲገጥሙ፣ ተጫዋቾች ዘወትር የሚሰጡት አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም ሹሙን ክፍሉ ውስጥ ቆልፎ የቀለጠ አለት መልቀቅ ነው። ይህ ምክር ስሕተት መሆኑን በራሴ ምሽግ ስላየሁት ለአንባቢዎቻችሁ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ወንድማማቾቹ ታርንና ዛክ አዳምስ በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረቡት ይህ ጨዋታ በ7 ድንኮች ይጀምራል። ነዋሪው ሲበረክት ከንቲባ ይመረጣል፤ ምሽጉ ሲበለጽግ ደግሞ ባሮን፣ ካውንትና ዱክ እያለ ማዕረጉ እስከ ንጉሥ ይደርሳል። እያንዳንዱ ድንክ የሚወደው ዕቃና ማዕድን አለው፤ ተራ ሠራተኛ ሳለ ማንንም የማይጎዳው ይህ ውዴታ፣ ሹመት ባገኘ ዕለት ሕግ ይሆናል።

በአንድ ምሽጌ የነበረችው ከንቲባ ቀለበት ወዳድ ስለነበረች ቀለበት ወደ ውጭ እንዳይሸጥ አገደች። ማስታወቂያውን አይቼ በቸልታ አለፍሁት። ሲራራ ነጋዴዎቹ በደረሱ ጊዜ የእጅ ሥራ የታጨቀበት ሣጥን ወደ መገበያያው ስፍራ እንዲወሰድ አዘዝሁ፤ በሣጥኑ ውስጥ ከዋንጫዎቹና ከቅርጻ ቅርጾቹ ጋር ተደባልቀው ሦስት ቀለበቶች እንደነበሩ ግን ልብ አላልሁም። ዕቃው ተሸጠ። ሣጥኑን የተሸከመው ድንጋይ ጠራቢ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አንዱ የነበረው፣ ስለ ቀለበቶቹ የወሰነው ምንም ነገር ሳይኖር ተፈረደበትና ተደበደበ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በሕሙማን ክፍል ውስጥ ሞተ። በዚያን ጊዜ እኔም እንደ ሌሎቹ ከንቲባዋን ረገምሁ። ነገር ግን ሣጥኑን ሳይፈትሽ የላከው ማን ነበር?

ከዚያ ወዲህ እገዳ በታወጀ ቁጥር የታገደውን ዕቃ ለብቻው በተለየ ማከማቻ አኖራለሁ፤ ነጋዴ ሲመጣም ከዚያ ማከማቻ የሚነሣ ነገር የለም። የምርት ትእዛዝን፣ ማለትም ሹሙ የሚወደው ዕቃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲሠራ ማዘዙን፣ በተመለከተ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱት የተጠየቀውን ዕቃ ቀድሞ ሠርቶ ማከማቸት የሚበቃ መስሏቸው ነው። የሚቆጠረው ከትእዛዙ በኋላ የተሠራው ብቻ ስለሆነ፣ ሊከማች የሚገባው ጥሬ ዕቃው ነው። አሸዋ በሌለበት ምድር የመስታወት ዕቃ የሚወድ ባለሥልጣን ቢነሣ፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ጊዜው ያልፍና ቅጣቱ ትእዛዙን ባልሰጠው ሠራተኛ ላይ ይወርዳል። ለክፍሉ ማስጌጫ የሚሆን ዕቃ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያ ቢጓደል ሹሙ ከማዘን በቀር በማንም ላይ ቅጣት ስለማያስከትል፣ ሥራ ሲበዛ ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ የባሮን ሹመት ጉዳይ ነው። ከንቲባን ድንኮቹ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ባሮን የሚሆነውን ግን ተጫዋቹ እንዲሰይም ይጠየቃል። በዚያች ቅጽበት የዕጩዎቹን ውዴታ ገልጦ ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን በስሙ ወይም በጀግንነቱ የወደድነውን እንሾምና በኋላ በትእዛዙ እንማረራለን። እኔ አሁን የምሾመው፣ የሚወደው ዕቃ በምሽጉ በቀላሉ የሚሠራና ለንግድ የማንፈልገው የሆነውን ነው። የመኝታ፣ የመመገቢያና የቢሮ ክፍሎቹን፣ መቃብሩንም ጭምር፣ ለማዕረጉ በሚመጥን መጠን አስቀድሜ አሳንጻለሁ፤ ከእርሱ በታች ያለ ሹም የተሻለ ክፍል እንዳይኖረውም እጠነቀቃለሁ፤ ይህ ቅሬታ ያመጣልና።

ከንቲባን በቀለጠ አለት የሚያጠፉ ተጫዋቾች የሚያገኙት ሌላ ከንቲባ ነው፤ ውዴታው ከፊተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል። ከዚያም የሟቹ ወዳጆችና ቤተሰቦች ያዝናሉ፤ ሐዘኑ የበረታበት ድንክ ሥራውን ትቶ ሊቅበዘበዝ ወይም በቁጣ ሌላውን ሊመታ ይችላል። የድንጋይ ጠራቢውን መቃብር ከአዳራሹ መግቢያ አጠገብ አስቀርጬ አኑሬዋለሁ፤ የታገዱት ዕቃዎች ማከማቻም ከጎኑ ነው፤ ሲራራ በደረሰ ቁጥር ሣጥን ከማስነሣቴ በፊት ወደዚያ እመለከታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ