ግማሽ ሲኒ

ወንድሜ ደረጀ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ያልኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው። ስለዚህ ይቅርታውን ቶሎ ልጨርሰው፦ አጥፍቻለሁ፣ ምክንያትም የለኝም። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ መሬት መንቀጥቀጥ እናንተ ጋ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ አንተ ከነልጆችህ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለህ እያወቅኩ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከደወልኩ ያለፉትም ዓመታት አብረው ይጠየቃሉ ብዬ ፈራሁ። በቃ። የቀረውን ስድብ በመልስህ ላክልኝ፤ የለመድኩት ነው።

አሁን ጽሑፌን ልብ ብለህ እየው። ድሮ ከእኔ ስትገለብጥ «የእጅ ጽሑፍህስ ያምራል፣ መልሱ ነው እንጂ» የምትለው ይህንኑ ፊደል ነበር። ዛሬ «ጠ» እና «ጨ» ላይ ስደርስ እግራቸው ይዞራል። ቀኝ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፣ ደሬ። ከሰኔ ወዲህ ነው። ለባለቤቴም ገና በደንብ አልነገርኳትም።

ሥራዬ የሰውን ሕመም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር አይደል? እዚህ ሜሪላንድ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት ለሐኪሙ «እጄን ያንቀጠቅጠኛል» ሲሉ እኔ «ሺቨር» ብዬ አሻገርኩት። ሐኪሙ ወዲያው የትኩሳት መለኪያ አነሣ፤ ብርድ ብርድ ይላቸው እንደሆነ፣ ያልባቸው እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው እኔን እኔን ያያሉ። ሺቨር ወባ ሲያንዘፈዝፍህ፣ ወይም እዚህ በክረምት አውቶቡስ ስትጠብቅ ጥርስህ ሲንቀጫቀጭ የሚባል ነው። የእሳቸው ግን ትኩሳት የሌለበት፣ ሲኒ ሲያነሡ ብቻ የሚመጣ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ «ትሬመር» ብዬ አረምኩት። ሐኪሙ በአንድ ቃል ከግንባራቸው ወደ እጃቸው ወረደ።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቃላት እንደ ምስር ስለቅማቸው ኖርኩ። ሼክ ለሁሉም ይሆናል፤ ጠርሙስም ትነቀንቅበታለህ፣ እጅም ትጨባበጥበታለህ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት «ሼክ ማን?» ብለህ ከክፍል የተባረርክበት ቃል ነው። ትሬምብል ግን ሌላውን አያናውጥም፤ ጠርሙሱን ትሬምብል አደረግኩት ብትል ይስቁብሃል። የሚርደው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፍርሃት። ጳውሎስ «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ» ያለውን እንግሊዞቹ በዚህ ነው የተረጎሙት። ሸደር እባብ አይተህ ሲሰቀጥጥህ ነው፣ አንዴ መጥቶ ይሄዳል። ክዊቨር ልጅ ሊያለቅስ ሲል ከንፈሩ ላይ የምታየው ነው። ክዌክ የመሬት ነው፣ የጉልበትም። ጆርጅ ፎክስ የተባለው ሰባኪ በ1650 እ.ኤ.አ. ደርቢ ከተማ ዳኛ ፊት ቆሞ በእግዚአብሔር ቃል ተንቀጥቀጡ ቢል፣ ዳኛው ሊያሾፍበት «ክዌከር» አለው፤ ስሙ ለተከታዮቹ እስከ ዛሬ ቀረ። አንተ ዳኛ ሳትሆን መቅረትህ ጥሩ ነው።

አየህ፣ ዋናውን ላለመናገር ዙሪያውን እየዞርኩ ነው።

በመጨረሻ እኔው ታማሚ ሆኜ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ነው። ሳቅኩ። ሐኪሟ መቼ መቼ እንደምንቀጠቀጥ ስትጠይቀኝ ግን አፌ ተያዘ። በእነሱ ቋንቋ የሚንቀጠቀጠው እኔ ነኝ፤ ሥራው የእኔ ነው። በእኛ ይበርደኛል፣ ያመኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል ይባላል፤ የሚያደርገው ሌላ ነው፣ ስሙን ማንም አይጠራውም፣ እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። ይህን ለእሷ እንዴት አድርጌ ላሻግረው? አስተርጓሚ ይጠራልኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

ወረቀት ሰጠችኝና እናቴ ሊጥ ምጣድ ላይ እንደምታዞረው ያለ መስመር ሣል አለችኝ። ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ሆኖ ወጣ። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፈችው፤ ጸጥ አለ። ፊቷ ፈታ አለ። ሐኪሙ ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. «ሼኪንግ ፖልሲ» ብሎ የጻፈለት፣ ዛሬ በራሱ ስም የሚጠራው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው ያረፈ እጅ ነው፤ የእኔ ግን ስሠራበት ነው የሚብሰው። የእኔን «ኤሴንሻል ትሬመር» አለችው። በሐኪሞች ቋንቋ ኤሴንሻል ማለት መንስኤው በግልጽ ያልታወቀ ነው። እኔ ግን ከልማድ የተነሣ በልቤ «አስፈላጊ መንቀጥቀጥ» ብዬ ተረጎምኩትና ብቻዬን ስስቅ አየችኝ።

ከዚያ ሁለት ነገር ነገረችኝ። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ትንሽ መጠጥ ደግሞ ለጊዜው ያስታግሰዋል።

ደሬ፣ አባቴን አስታውሰው። ደመወዝ በሚከፍልበት ቀን ጠዋት አረቄ ቤት ጎራ ሳይል ቢሮ እንደማይገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እጁን የሚያንቀጠቅጠው አረቄው ነው ይባል ነበር። አንተም ብርጭቆ አነሣሡን ታስመስል ነበር፤ ልወቅስህ አይደለም፣ ከአንተ ይልቅ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ለቅሶው ላይ እንኳ «መጠጡ ጨረሰው» ሲሉ አቀርቅሬ ዝም አልኩ። አሁን ሌሊት ሌሊት ነገሩ ይገለበጥብኛል። ስለጠጣ ነው የሚንቀጠቀጠው? ወይስ ስለሚንቀጠቀጥ ነበር የሚጠጣው? በዚያ ሁሉ የደመወዝ መዝገብ ላይ፣ ሰው እያየው፣ መፈረም ነበረበት።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው። የጠዋት ቡናው እናንተ ቤት ነበር። እትዬ አስካለ ለሌላው ሰው ሞልተው፣ ለእሱ ሁልጊዜ ግማሽ ሲኒ ነበር የሚቀዱለት፤ ልጅ ሆኜ ንፍገት መስሎኝ ተቀይሜያቸዋለሁ። ጠይቅልኝ። በሁዳዴ፣ አረቄ በአፉ በማይዞርበት ወቅት፣ ሲኒው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር? ግማሽ የሚቀዱለትስ ለዚህ ነበር? ስለ እኔ እጅ አትንገራቸው፣ ይደነግጣሉ። ቡና ሲያፈሉ ጠብቅና ቶናው ላይ ጨዋታ አስመስለህ አንሣው። ያሉህንም እንዳለ ጻፍልኝ፣ ሳታሳምር።

ያንተው ታደሰ

«ደርቢ» ላይ የፈሰሰው ቀለም የእጄ ጥፋት አይደለም፤ ድመቷ ናት።